ማንጠግቦሽ በሐይቁ ዳር

የክረምት ትምህርት ጓደኛችን ስመኝ ደውላ «ማንጠግቦሽ አረፈች» ስትለኝ ሳቅሁ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ የተማሪ ደብተር እያረምኩ ነበር፤ ባልደረቦቼ ቀና ብለው አዩኝና ደስ የሚል ወሬ የደረሰኝ መስሏቸው አብረውኝ ፈገግ አሉ። «ደግሞ ምን አስባ ነው?» አልኩ። ስመኝ ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝምብኝ ነው ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ። ማንጠግቦሽ ያለችበት ቀልድ ያን ያህል አይቆይም፤ ሳቋ ቀድሞ ያጋልጣት ነበር።

እሷን የሚያውቅ ሰው በሳቄ አይፈርድብኝም።

ታች ጋይንት ውስጥ፣ ከአርብ ገበያ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስወርድ የገጠር ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ሁለተኛ ክፍል ስታስተምር ነው ፀጉሯ የሸበተው። እኔ የስማዳ ሰው ነኝ፤ የማስተምረው ወገዳ ነው። ሁለታችንም በዲፕሎማ ስንሠራ ቆይተን ዲግሪ እንድንይዝ ለክረምት ትምህርት ወደ ባሕር ዳር ተላክን፤ ሐይቁ ዳር ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢም አንድ የመኝታ ክፍል ደረሰን። አልጋው ተደራራቢ ነው። እኔ ቀድሜ ገብቼ የታችኛውን ይዤ ነበር። አንዲት ወፈር ያለች፣ ፊቷ ክብ የሆነ ሴት ጥቁር ጃንጥላ ተመርኩዛ በሩ ላይ ቆመች። አልጋውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ልጄ፣ ላይ መውጣቱ አያቅተኝም» አለች። «ግን አልጋው ሲሰበር የምትሞቺው አንቺ ነሽ።»

ዕቃዬን ወደ ላይ አወጣሁ።

«ይቀመጡ እትየ፣ ደክሞዎታል» ብላት እጇን አወናጨፈችብኝ። «ስኳር አለብኝ፤ እሱ ይበቃኛል። አንቱታ አትጨምሪብኝ።» ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴ ልትሆን የምትችለውን ሴት «አንቺ» እላት ጀመር። ሰው ሲገረም ደግሞ «አብረን ነው ያደግነው» ትላለች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች።

የስኳሩ ነገር ነው ወደ ሐይቁ ያወጣን። የጤና ጣቢያው ሐኪም በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግሯ እንድትሄድ አዟታል። «ለጋይንት ሰው በእግርሽ ሂጂ ብሎ መምከር ለዓሣ ዋኝ እንደ ማለት ነው ብዬ ሳቅሁበት» አለችኝ። ሐኪሙ ግን ሜዳ ላይ፣ ሳትቸኩል ነው ያላት። ሜዳው ከየት ይመጣል? በእኛ አገር መንገድ ማለት ወይ መውጣት ነው ወይ መውረድ። ስለዚህ ትእዛዙን እስከ ክረምቱ አቆይታው ነበር።

ዝናቡ ባባራበት በመጀመሪያው ቀን፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የአልጋዬን እግር በጃንጥላዋ መታች። በዚያ ክረምት ሰው የሚፈልጋት ሴት አልነበርኩም። ከባሌ ከተለያየሁ ገና ጥቂት ወራት ነበር፤ ከክፍል ስወጣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እተኛ ነበር። እሷ ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀችኝም። «ተነሽ፤ ሐኪሙ ብቻሽን እንዳትሄጂ ብሎኛል» አለችኝ። ሐኪሙ እንዲያ እንዳላላት በሁለተኛው ዓመት ነው ያመነችው።

መንገዱ ከመኝታው ሕንፃ ተነስቶ በቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ ያልፍና ሳሩን ሰንጥቆ ወደ ውሃው ይወርዳል። መውረድ ከተባለ ነው እንጅ፣ ብርጭቆ ሙሉ ጠላ ይዘሽ ብትሄጂ ጠብ አይልም። ከዚያ ዳር ዳሩን በደንገሉ ጎን እየታከከ፣ በአንድ ትልቅ ሾላ ሥር አልፎ፣ ጀልባ ከሚቆምበት የእንጨት መድረክ ይደርሳል። መመለሻው በተማሪዎች ምግብ ቤት በኩል ነው። አለቀ። ማንጠግቦሽ ያን ቀን መድረኩ ላይ ደርሳ ዞር አለችና የመጣንበትን አየች። «ዳገቱ የታለ?» አለች። የለም አልኳት። «ሳያደክም የሚያልቅ መንገድ አለ ለካ!»

ከዚያ ሐይቁን ቆማ አየችው። ብዙ ሰው እዚያ ሲቆም እንደሚለው ውብ ነው ምናምን ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ጃንጥላዋን ቀስራ ተቆጣችው። «አንተ! እኛ ጀሪካን አዝለን ገደል ስንወጣ አንተ እዚህ ተንጋለሃል?»

ሳቅሁ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ነበር፤ የራሴ ድምፅ መሆኑን እንኳ ወዲያው አላወቅሁትም።

በሳምንቱ ለዛፎቹ ሁሉ ስም አወጣችላቸው። የባሕር ዛፉን «ሱፐርቫይዘር» አለችው፤ ረጅም ነው፣ ፍሬ የለውም፣ በዙሪያው ያለውን ሁሉ ያደርቃል። ሾላው «ርዕሰ መምህር» ሆነ፤ ጥላውስ ጥሩ ነው፣ ግን ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ወፍ ያራበታል። ሌሎቹ የክረምት ሴቶች ሳቁን እየሰሙ አንድ አንድ እያሉ ተቀላቀሉን። የእስቴዋ ስመኝ መጣች፣ ጓደኞቿን አስከተለች፣ ሳናስበው አሥራ አንድ ሆንን። በየቀኑ አሥራ አንድ መምህራን ነጠላ ለብሰን በአንዲት ጃንጥላ እየተመራን ስናልፍ ያየ ሰው ማኅበር እንጅ የእግር ጉዞ አይመስለውም።

በመድረኩ አጠገብ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ ቁምነገረኛ፣ ቀጭን ሰውዬ። ወደ ውሃው በተጠጋን ቁጥር ያፏጭብናል። አንድ ቀን ማንጠግቦሽ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛ መጣች። ከዳር ድንጋዩ እስከ ውሃው ለካች፣ ደብተር ላይ ጻፈች፣ እንደገና ለካች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ምንድን ነው የሚለኩት?» አለ ጥበቃው።

«ካለፈው ሳምንት ሁለት ስንዝር ጎድሏል።»

«ምኑ?»

«ሐይቁ ነዋ። ማክሰኞ ተረኛው ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ።»

«እንግዲህ እኔ ለማንም አልናገርም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ከአሁን በኋላ ዓይንህን ከውሃው ላይ አታንሳ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኑን ሳያነሳ ከረመ። በሦስተኛው ቀን ስናልፍ መንገዱን ዘግቶ ቆመ። የሚቆጣን መስሎን ነበር። «እትየ፣ ሌሊት ዝናብ ዘንቦ ተመልሷል፤ ይጻፉት» አላትና እሱው ቀድሞ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ አላፏጨብንም።

በሁለተኛው ክረምት መግቢያ፣ መደበኛ ተማሪዎች በሚመረቁበት ሰሞን፣ የሐይቁ ዳር በጥቁር ጋውን ተሞልቶ አገኘነው። አባቶች አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ እናቶች አበባ ታቅፈው፣ ፎቶ አንሺው እየጮኸ። ማንጠግቦሽ በየቤተሰቡ መሀል እየገባች የማታውቀውን አባት ጋቢ ታስተካክላለች፣ እልል ትላለች፣ ፎቶ ውስጥም ትገባለች። ዛሬም በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ያቺ ወፍራም ሴት ማን ነች እየተባባሉ ይሆናል።

ያን ቀን ከሾላው ወዲያ አንዲት ልጅ ጋውኗን እንደለበሰች ድንጋይ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ስልኳን ታያለች፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ታያለች። ሁላችንም አየናትና አለፍን። ማንጠግቦሽ ተመለሰች።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ልጅቱ ስሟ እመቤት መሆኑን፣ ከመካነ ኢየሱስ ወረድ ካለ ቀበሌ እንደመጣች ተናገረች። እናቷና አጎቶቿ ለመምጣት ተነስተው ነበር። ሌሊቱን በጣለው ዝናብ ወንዙ ሞልቶ መኪናው ማለፍ አቃተው፤ ከመንገድ ተመለሱ። ይህን ስትናገር አላለቀሰችም፤ ከንፈሯን ብቻ ነከሰች።

«በይ ተነሽ» አለቻት ማንጠግቦሽ። «ዘመዶችሽ መጥተዋል።» ከዚያ ወደ እኛ ዞራ ሥራ ታከፋፍል ጀመር። «አንቺ የአባቷ እህት ነሽ። አንቺ ክርስትና እናቷ ነሽ፤ ኩራት ይታይብሽ። ስመኝ፣ አንቺ በመሬት የተጣላሽው አክስት ነሽ፤ ፎቶ ሲነሳ ወዲያ ዙሪ። እናትነሽ፣ አንቺ የእናቷ ታናሽ ነሽ፤ ምስኪን ነሽ፣ ብዙ አትናገሪም» አለችኝ እኔን።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔማ ሁሉንም ያሳደግኩ ነኛ።»

ፎቶ አንሺው «ቤተሰብ ጠጋ ጠጋ!» አለ። ተጠጋን። ስመኝ ፊቷን አዙራ በጣም ስለተኮሳተረች ፎቶ አንሺው ተጨንቆ «እትየ፣ ዛሬ እንኳ ይታረቁ እንጅ!» ብሎ ለመናት። እመቤት በዚህ ጊዜ ፈነዳች፤ ሳቁና ለቅሶው አብሮ መጣባት። መሀል ላይ ስልኳ ጠራ። እናቷ ነበሩ። ማንጠግቦሽ ስልኩን ከእጇ ተቀበለች።

«እንደምን አሉ? እኛ እዚህ አለን፣ አይጨነቁ። ሙሽራ መስላለች።»

ከወዲያ ማዶ እናትየው ማን እንደሆነች ጠየቋት።

«የጋይንት ዘመዶቿ ነን።»

«ጋይንት ደግሞ ዘመድ አለን እንዴ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አላችሁ» አለች ማንጠግቦሽ፤ እልልታዋንም በስልኩ ውስጥ ለቀቀችው።

በዚህ ሁኔታ ነው ክረምቶቹ ያለፉት። የመጨረሻው ዓመት መጣ። ማንጠግቦሽ የሁለተኛ ክፍል ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማንበብ የምታስጀምር ሴት ናት ብል ብዙም አላጋነንኩም፤ እንግሊዝኛው ግን ይተናነቃት ነበር። የተመራቂዎች ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ ቀን ጣቷን ከላይ እስከ ታች አወረደችው፤ ከታች ወደ ላይ መለሰችው። ስሟ የለም። የምርምር ዘዴ የሚባለው ትምህርት ጥሏታል።

«ሥራዬ ነው» አለች። «ከጻፍኩት መልስ ግማሹ ጸሎት ነበር።»

እንደተለመደው ልንስቅ ስንል ፊቷን አየን። ባለቤቷ አያ ሞላ ከሁለት ዘመዶቻቸው ጋር ለምርቃቷ ተነስተዋል፤ ባሕር ዳርን አይተው አያውቁም። ሞከርን፣ ስልካቸው አይሠራም። ስመኝ ወዲያው ሮጣ ሄዳ በቁመት የምትተካከላትን የሌላ ክፍል ተመራቂ ጋውን ተውሳ መጣች።

«ልበሺውና ፎቶውን ተነሽ» አለቻት። «በሚመጣው ክረምት ታልፊያለሽ፤ በመሀል ማን ያውቃል?»

ሁላችንም ታደርገዋለች ብለን ነበር። ከዚህ የተሻለ ተንኮል በእጇ ገብቶ አያውቅም። ጋውኑን ተቀበለች፣ ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገች፣ ከዚያ ቀስ ብላ አጠፈችው።

«አይሆንም።»

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይ?» አለች ስመኝ።

«ውሸት ወይ ሰው ማሳቅ አለበት፣ ወይ የወደቀ ሰው ማንሳት አለበት። ይኼ ሞላን አያስቀው፣ እኔን አያነሳኝ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዕድሜ ልኬን ሲያፈጥብኝ ይኖራል እንጅ።»

ጋውኑንም ራሷ ይዛ ሄዳ መለሰች።

በማግስቱ ከመናኸሪያ ተቀበለቻቸው። አያ ሞላ ረጅም፣ ዝምተኛ ገበሬ ናቸው፤ ሁለት ድፎ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ታቅፈዋል። ምንም ሳትናገር በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወሰደቻቸው። እኛ አሥራችን ከሁለቱ ዘመዶች ጋር እንደ ሚዜ ራቅ ብለን ተከተልን፤ ጆሯችን ግን ከእነሱ ጋር ነበር። ሾላው ሥር ሲደርሱ ቆመች።

«ሞላ» አለች።

«እህ።»

«ወድቄያለሁ።»

አያ ሞላ ደንግጠው እግሯን አዩ፣ ጉልበቷን አዩ። «የት ላይ? ተጎዳሽ?»

«ፈተናውን ነው የወደቅሁት። አልመረቅም።»

ሰውየው የታቀፉትን ዳቦ ቀስ ብለው ሳሩ ላይ አስቀመጡ። ስመኝ እጄን ጨብጣ ይዛለች። ገበሬ ማሳውን ጥሎ፣ ደብረ ታቦር አድሮ፣ ሁለት ቀን መንገድ መጥቶ ይህን ሲሰማ ምን ይላል?

«ታዲያ ምን ይሁን ይላሉ?» አሉ በመጨረሻ።

«በሚመጣው ክረምት ትድገም ይላሉ።»

«እዚሁ?»

«እዚሁ።»

አያ ሞላ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አዩት፣ በእግራቸውም ሞከር አደረጉት። «ደግ ነው» አሉ። «ሜዳ ነው።»

ማንጠግቦሽ መቆም እስኪያቅታት ሳቀች። ሾላው ሥር፣ ወፍ የሚያራበት ቦታ ላይ፣ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ከሳቁ ሥር ያለቀሰችውንም ለቅሶ አያ ሞላ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉላት። ዳቦው እዚያው ተቆረሰ። ጥበቃው ድርሻውን ወሰደ። የእኛ ምርቃት ቀን ሁላችንም ጋውን ለብሰን ስንቆም፣ ብቻዋን በነጠላ መሀላችን ገብታ ከሁሉ በላይ እልል ያለችው እሷ ነበረች።

በተከታዩ ክረምት ብቻዋን ተመለሰች። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ወገዳ ትደውልልኛለች፤ ኔትወርክ ካለ ማለት ነው። «ተነሽ፣ እንሂድ» ትላለች። እኔ በጭቃው በር ላይ ቆሜ፣ እሷ በሐይቁ ዳር። «ሱፐርቫይዘሩን አለፍነው። አሁንም ፍሬ የለውም… ርዕሰ መምህሩ ጋ ደረስን፣ ራስሽን ሸፈን አድርጊ…» እያለች ግማሽ ሰዓት ታዞረኛለች። ጎረቤቶቼ ስልክ ይዤ በአንድ ቦታ እየተራመድኩ ስስቅ አይተው ባል ያገኘሁ መስሏቸው ነበር። በክረምቱ ማለቂያ ላይ ደውላ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «አለፍኩ!» ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «የዘንድሮው ጸሎት አልነበረም» አለች።

በዚያው በጋ እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣባት። ስኳር ላለበት ሰው ትንሽ የሚባል ቁስል የለም። መጀመሪያ ጫማዬ ነው አለች፤ ቀጥሎ የሚጥሚጣ ያህል ነች አለች፤ ከዚያ ስልኳን አያ ሞላ ያነሱት ጀመር። ሆስፒታል ስትገባ አልደረስኩም፣ ስትወጣም አልደረስኩም። በመጨረሻ የስመኝ ስልክ ደረሰኝ።

በጭነት መኪና ጋቢና አርብ ገበያ ገባሁ፤ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነበር። የሩቅ ሰው እንደመሆኔ አልቅሼ ዳር ላይ ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። «እናትነሽ እባላለሁ፤ ከወገዳ» አልኩ።

ሹክሹክታው ከአግዳሚ አግዳሚ ሲሄድ ሰማሁት። ከዚያ ሴቶቹ ከየተቀመጡበት ተነሱ። የማንጠግቦሽ እህት እንየ አንገቴን አቅፋ ጮኸች። «ይቺ ናት! እህቴን ከሐይቅ ያወጣቻት ይቺ ናት!»

አንድ አሮጊት ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፣ ያዝኳቸው። እንየ ለማያውቁት ሁሉ እያለቀሰች ታስረዳለች። «ያን የመጀመሪያውን ክረምት ተንሸራታ ውሃው ዋጣት። ይቺ ልጅ ከነልብሷ ዘላ ገባች! በአንድ እጇ እህቴን፣ በአንድ እጇ ጫማዋን ይዛ ወጣች!»

ዋና አልችልም። ስማዳ ውስጥ ዋና የሚችል ሰውም አላውቅም። በዚያ የመጀመሪያ ክረምት ሁለታችንም ከቁርጭምጭሚታችን በላይ ውሃ አልነካንም። በዚያ ክረምት እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ ሴት ነበርኩ፤ ያስነሳችኝ እሷ ናት።

ወደ አያ ሞላ ቀረብኩ። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ጋቢያቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ያን ጊዜ ሐይቁ ዳር ሳገኝሽ ሳላመሰግንሽ ቀረሁ» አሉ። «አልነገረችኝም ነበር፤ ያስደነግጠዋል ብላ። በኋላ ነው የነገረችኝ። አልጋ ላይ ሆናም ደጋግማ አነሳችው፤ እናትነሽ ባትኖር ኖሮ ትል ነበር።»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አፌን ያያል። እንየ እንባዋን አቁማ ትጠብቃለች። ሽማግሌው እጄን አልለቀቁም።

«ልጄ» አሉ፣ «ጥልቅ ነበር?»

የነጠላዬን ጫፍ አስተካከልኩ።

«እስከ አንገቴ ነበር አያ ሞላ» አልኳቸው። «እስከ አንገቴ።»